ከካርቱም እስከ ጎንደር፦ ብስክሌተኛ በሰዓት ምን ያህል መብላት ይችላል?

የብስክሌት ውድድር በቅርብ ዓመታት በጣም ፈጥኗል። የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ አማካይ ፍጥነት እ.ኤ.አ. በ2022ም ሆነ በ2025 በሰዓት ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይቀርባል፤ የብስክሌቱ ቅርጽ፣ ጎማው፣ ልብሱ፣ የልምምዱ ዘዴ። ከሁሉም ጎልቶ የሚነሳው ግን ጋላቢዎቹ ኮርቻ ላይ ሆነው የሚወስዱት ምግብ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የወሰደ ብስክሌተኛ የሚገባውን ያህል እንደበላ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ከፊት የሚጋልቡት 100 እና 120 ግራም እንደሚወስዱ የቡድኖቻቸው የምግብ ባለሙያዎች በይፋ ይናገራሉ። 120 ግራም ስኳር በሻይ ማንኪያ ልክ ሲሰፈር ሠላሳ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ይህም የአንድ ሰዓት ድርሻ ነው፤ ውድድሩ ግን አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ወሬው እኛ አካባቢ የደረሰው ከድል ጋር ተያይዞ ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። የወንዶቹ ርቀት 267.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ዳገቱ ተደምሮ ከ5,000 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች ሳይጨርሱ የወጡበት። ከዚያ ወዲህ በአስመራ፣ በመቐለ፣ በአዲስ አበባ ያሉ ወጣት ጋላቢዎች ፈረንጆቹ ምን እንደሚበሉ ይጠይቃሉ። የሚያገኙት መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው፤ «ጄል ውሰድ» ይባላሉ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገውን ወፍራም የስኳር ምግብ ማለት ነው። ምን ያህል፣ በምን ውሃ፣ በምን ሙቀት፣ ከስንት ሳምንት ልምምድ በኋላ የሚለው ቀሪ ግማሽ አይነገራቸውም።

ያንን ቀሪ ግማሽ ለመመርመር ከካርቱም ተነስቶ በገዳሪፍና በመተማ በኩል ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና የዓባይን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ከሚገባው መንገድ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የመረጠው ይህንኑ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ የተቀሰቀሰው ጦርነት መንገዱን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ዘግቶታል። መንገዱ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ግን አልተዘጉም፤ በሜዳ ላይ የሚያቃጥል ሙቀት፣ ቀጥሎ ደጋ፣ በመካከሉም ንጹሕ ውሃ የማግኘት ችግር።

የአንጀት በሮች

በ200 ዋት ኃይል የሚጋልብ ሰው በሰዓት ከ700 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያቃጥላል፤ በ250 ዋት ደግሞ ወደ 900 ይጠጋል። በጡንቻው ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ የተቀመጠው ካርቦሃይድሬት ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው፤ ጉበቱም 100 ግራም ያህል ይይዛል። በድምሩ ከ2,000 ኪሎ ካሎሪ ብዙም አይዘልም። ስብ በቀጭኑም ሰው ገላ ውስጥ ሞልቷል፤ ችግሩ ግን ጡንቻ ከስብ ኃይል የሚያወጣው በዝግታ መሆኑ ነው። ፍጥነት ሲጨምርና ዳገት ሲመጣ ጡንቻ የሚጠይቀው ካርቦሃይድሬትን ነው። ስለዚህ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ላይ እግር የሚከዳው፣ ራስ የሚዞረው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው በወኔ ማነስ አይደለም፤ ክምችቱ ስላለቀ ነው።

ታዲያ ብዙ መብላት ለምን አይበቃም? ምግብ ሆድ መግባቱ ሳይሆን ከአንጀት ወደ ደም መሻገሩ ስለሚቆጠር ነው። ግሉኮስ የትንሹን አንጀት ግድግዳ የሚያልፈው ከሶዲየም ጋር ተቆራኝቶ በተለየ አሻጋሪ ፕሮቲን ነው። ይህ በር በደቂቃ ከአንድ ግራም ብዙ የማይበልጥ ያሳልፋል፤ የድሮው 60 ግራም የመጣው ከዚህ ነው። ፍሩክቶስ ግን በሌላ በር ይገባል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ አስከር ዩከንድሩፕና ባልደረቦቹ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን ስኳሮች አንድ ላይ ለጋላቢዎች ሲሰጡ፣ ሰውነት በደቂቃ እስከ 1.75 ግራም ማቃጠል እንደሚችል አዩ። በሰዓት 90 ግራም የሚለው ምክር የዚያ ግኝት ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የብዙዎቹ የጄልና የዱቄት ዓይነቶች መሠረት ይኸው የሁለት በር ስሌት ነው።

ይህን እውቀት ለካርቱም ሰው ስንነግረው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን የገለጸው የሶዲየምና የግሉኮስ ቁርኝት ነው ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስን የወለደው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ወዲህ በሚጠቀምበት ቀመር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው ይገባል፤ ፖታሲየምና ሲትሬትም ይጨመሩበታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ካርቱም ውስጥ ኮሌራ ሲበረታ ሕሙማንን ያተረፈውና በአልፕስ ተራሮች ላይ ለጋላቢው ጉልበት የሚሰጠው በአንድ በር ነው የሚገባው። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ ለሕመምተኛው ውሃና ጨው ይቀድማል፣ ለጋላቢው ስኳሩ ይበዛል። ይህን ጉዳይ የማነሳው የስፖርት ምግብ ሳይንስ ከውጭ ካልመጣ የማይገኝ ምስጢር ተደርጎ መታየቱ ጎጂ ስለሆነ ነው። መሠረቱን የሚያውቅ ጤና ባለሙያ በየጤና ጣቢያው አለ።

ስኳሩም እንደዚያው ነው። የሱቅ ስኳር ሲፈጭ እኩል በእኩል ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል፤ ዛሬ ውድ ምርቶች ከሚከተሉት አንድ ለ0.8 ምጣኔ እምብዛም አይርቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ ወንጂ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ፣ ሱዳን ውስጥ ከነጭ ዓባይ ዳር የከነና ፋብሪካ ያመርቱት የነበረው ይኸው ነው። ማርም ሁለቱንም ስኳሮች ይዟል። ቴምርም እንዲሁ፤ ግን አሰሩ (ፋይበሩ) ብዙ ስለሆነ በፍጥነት ሲጋለብ ሆድ ይከብዳል።

120 ግራም ምን ይጨምራል?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የፖድሎጋርና የባልደረቦቹ ጥናት 120 ግራም የወሰዱ ጋላቢዎች 90 ግራም ከወሰዱት ይልቅ ከውጭ የገባውን ካርቦሃይድሬት በብዛት እንዳቃጠሉ አሳይቷል። የጡንቻቸውን ክምችት ግን አልቆጠበላቸውም። በሌላ በኩል በ2020 በተራራ ማራቶን ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናት 120 ግራም የወሰዱት ከውድድሩ በኋላ የጡንቻ ጉዳት ምልክታቸው አነስተኛ እንደነበር ዘግቧል። እንደ እኔ ግምት ከ90 በላይ ያለው ትርፍ ጎልቶ የሚታየው በአንድ ቀን ውድድር ሳይሆን በተከታታይ ቀናት ነው፤ ዛሬ የበላ ነገ ይነሳል። ሦስት ሳምንት ለሚጋልብ ባለሙያ ይህ ወሳኝ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ለሚወዳደር የአዲስ አበባ ወይም የመቐለ ወጣት ከ60 ወደ 80 ግራም መሸጋገር ከበቂ በላይ ነው።

ደግሞ ያልለመደ ሆድ 120 ግራም ሲጫንበት ያምፃል። አንጀት ያልወሰደው ስኳር ውሃ እየሳበ ይቆያል፤ ማቅለሽለሽ፣ መነፋት፣ ተቅማጥ ያስከትላል። መፍትሔው እንደ እግር ሆድንም ማሠልጠን ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በተከታታይ ባደረጓቸው ሙከራዎች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ልምምድ ላይ ካርቦሃይድሬት አዘውትረው የወሰዱ ስፖርተኞች የሆድ ችግራቸው ሲቀንስ፣ የወሰዱትንም በተሻለ ሁኔታ ሲጠቀሙበት ታይቷል። በሮቹ በሚመላለስባቸው መጠን ይበዛሉ።

የሐበሻ ጋላቢ በዚህ ረገድ ከኋላ አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታወቁ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ላይ የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሯጮቹ ከሚያገኙት ኃይል ከ64 በመቶ በላይ ከካርቦሃይድሬት የሚገኝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 9.7 ግራም። ይህ የስፖርት ምግብ ባለሙያዎች ለከባድ ልምምድ ከሚመክሩት ከ8 እስከ 12 ግራም መሐል ይወድቃል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና መኮሮኒ የለመደ አንጀት ለግሉኮስ እንግዳ አይሆንም ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። የሚጎድለው ኮርቻ ላይ ሆኖ የመብላት ልማድ ነው። ብዙ ወጣቶች አራት ሰዓት በአንድ ኮዳ ውሃ ይጋልባሉ፤ አሠልጣኞችም ይህን እንደ ጥንካሬ የሚያዩበት ጊዜ አለ። ልቤን የሚያሳዝነው ይህ ነው። በረሃብ የተጨረሰ ልምምድ ጽናትን ከማስተማር ይልቅ የሚቀጥለውን ሁለት ቀን ልምምድ ያበላሻል።

የካርቱም ስሌት

ካርቱም ከዓለም ዋና ከተሞች ሁሉ እጅግ ከሚሞቁት አንዷ ናት። በግንቦት ወር የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 አካባቢ ስለሆነ በዚህ ሰዓት አየሩ ገላን አያቀዘቅዝም፤ ጭራሽ ያሞቀዋል። ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበት ብቸኛ መንገድ የላብ መትነን ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በ200 ዋት የሚጋልብ ሰው ከሚያቃጥለው ኃይል ሩቡ ያህል ብቻ ፔዳሉ ላይ ይደርሳል፤ የቀረው በሰዓት ወደ 550 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ሆኖ ገላ ውስጥ ይቀራል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 580 ኪሎ ካሎሪ ነው። እንግዲህ ከፀሐይና ከአስፋልት የሚመጣውን ሳንቆጥር እንኳ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ላብ ግዴታ ነው። የካርቱም አየር ደረቅ በመሆኑ ላቡ ገና ሳይንጠባጠብ ይተናል፤ ጋላቢው ብዙ ያላበው አይመስለውም። የሚያውቀው ማልያው ጀርባ ላይ ነጭ የጨው ካርታ ሲያይ ነው።

በላብ የሚወጣው ጨው ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአንድ ሊትር ከግማሽ እስከ ሁለት ግራም ሶዲየም ይሆናል። ለሙቀቱ አዲስ የሆነ ሰው የበለጠ ያጣል። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን በሙቀት ውስጥ የተለማመደ ግን የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ቶሎ ያልበዋል፣ ላቡ ውስጥ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ወይም ከመቐለ ደጋ ተነስቶ ቆላ ወርዶ የሚወዳደር ኢትዮጵያዊ ትልቁ ጉድለቱ ይኸው ነው። ከፍታው የሰጠውን ደም ይዞ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ግን እንግዳው ነው። ከውድድሩ ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ ይህን አያስተካክልም።

ሙቀት በምግቡም ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሁለቱም የሚጎትቱት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በአንድ በኩል ጡንቻ ግላይኮጅኑን በፍጥነት ይጨርሳል። በሌላ በኩል ደም ወደ ቆዳ ስለሚሮጥ ለአንጀት የሚደርሰው ያንሳል፤ በሙቀት ውስጥ የተደረጉ ሙከራዎች ጋላቢው ከጠጣው ካርቦሃይድሬት የሚያቃጥለው በአሥር በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ፍላጎቱ ሲጨምር የመቀበል አቅሙ ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ 120 ግራም የሚለውን የአልፕስ ቁጥር ለካርቱም ሜዳ ማዋስ ስሕተት ነው። እዚህ ከ60 እስከ 80 ግራም መያዝ፣ ያንንም አቅጥኖ መጠጣት ይሻላል።

ማቅጠኑ ደግሞ እዚህ ይመቻል። በሰዓት 1.2 ሊትር የሚጠጣ ሰው በእያንዳንዱ ሊትር 60 ግራም ስኳር ቢያሟሟ 72 ግራም ያገኛል። ይህ ከስድስት በመቶ የማይበልጥ ስኳር ያለው መጠጥ ስለሆነ ጨጓራ በቀላሉ ይለቀዋል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢጨመርበት 0.6 ግራም ያህል ሶዲየም ይሰጣል። ሎሚ ወይም ካርቱም እንደሚደረገው ከርከዴ ጠብ ቢደረግበት ለመጠጣት ይጋብዛል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ በአራተኛው ሰዓት የሞቀ ጣፋጭ ውሃ ማንንም ያስጠላል። በአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ኮዳ የሚጠጋ ማለት ነው። በስድስት ሰዓት ግልቢያ ከሰባት ሊትር በላይ ይሆናል፤ ብስክሌት ላይ ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ጉዳዩ ከስኳሩ ወደ ውሃው የሚዞረው እዚህ ነው። ተከታይ መኪና፣ በየ20 ኪሎ ሜትሩ የሚያቀብል ሰው፣ በረዶ፣ የፈላ ወይም የታከመ ውሃ የሌለው ቡድን የትኛውንም ጄል ቢገዛ የካርቱምን ስሌት አይዘጋውም።

ምን ያህል መጠጣት ይገባል በሚለው ላይ ክርክሩ አሁንም አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይን ማራቶን ሲያሸንፍ ከሰውነቱ ክብደት 9.8 በመቶ መቀነሱ በጥናት ተመዝግቧል፤ ሁለት በመቶ ከቀነስክ ትደክማለህ የሚለውን የቆየ ሕግ ብዙዎች እንደገና እንዲያዩት ካደረጉት ማስረጃዎች አንዱ ነው። በተቃራኒው በ2002 የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ ደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ከጠማቸው በላይ በመጠጣታቸው። ኃይሌ የሮጠው ሁለት ሰዓት ነው፣ የቦስተኖቹም ዘገምተኞች ነበሩ። ስድስት ሰዓት በ42 ዲግሪ ውስጥ የሚጋልብ ሰው ከሁለቱም አይመደብም። ለእሱ የሚያገለግለው ከልምምድ በፊትና በኋላ ራሱን በሚዛን ማየት ነው። የጎደለው ኪሎ የጎደለውን ሊትር ይነግረዋል፤ ክብደት ጨምሮ ከተገኘ ደግሞ ውሃ አብዝቷል።

መተማን ካለፉ በኋላ

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሜዳ ተጋልቦ ገላባትና መተማ ሲደረስ ከፍታው የጨመረው ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ከዚያ መንገዱ ይነሳና ጎንደር ላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ጋላቢው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ አገር ብቻ ሳይሆን ሌላ የምግብ ስሌት ውስጥ ይገባል።

አየሩ ሲቀዘቅዝ ጥሙ ይቀንሳል። በሰዓት 1.2 ሊትር ይጠጣ የነበረው አሁን ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። የካርቱሙን ቀጭን መጠጥ ከያዘ በሰዓት የሚያገኘው 30 ግራም ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ዳገቱ ከሜዳው የበለጠ ካርቦሃይድሬት ይጠይቃል፣ ከፍታም የምግብ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ተጓዥ ጎንደር መውጫ ላይ የሚሰበረው ዳገቱ ስለከበደው ብቻ ሳይሆን ሳያውቀው ምግቡን በግማሽ ስለቀነሰ ነው። እዚህ መጠጡ ይወፍራል ወይም ጠጣር ምግብ ይገባል፦ ሙዝ፣ ማር የተቀባ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ያለውም ጄል። የዓባይ በረሃ ደግሞ ሁለቱን ስሌቶች በአንድ ቀን ያጣምራል። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ በሞቃታማው ሸለቆ ወንዙን የተሻገረ ጋላቢ ወደ ጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ግርጌው ላይ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ወፍራም መጠጥ መያዝ አለበት፤ ዳገቱን በባዶ ሆድ ጀምሮ መሐል ላይ ለማካካስ የሚሞክር ሰው ደግሞ ዘግይቷል፣ የበላው ነገር ጡንቻ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል።

በሶን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የተቆላ ገብስ ዱቄት ለመንገደኛ ስንቅ ሆኖ ዘመናት አገልግሏል፤ ማርና ጨው ተደርጎበት ከጉዞ በፊት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም ማታ ከድካም በኋላ የሚበላ ከሆነ የሚተካከለው ጥቂት ነው። በቀን 100 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ለሚጓዝ ተጓዥ መንገድ ላይም ይሆናል። በውድድር ፍጥነት ግን በሶ አይሠራም፤ አሰሩና ስታርቹ ሆድ ውስጥ ይቆያሉ። ባህላዊ ምግብን በጄል ምትክ እናስገባ የሚሉ ወገኖች ፍቅራቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ምግቦች ናቸው። በውድድሩ ዋዜማና ጧት ሽሮውንና ምስሩን ለሩዝና ለነጭ ዳቦ መልቀቅም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ጾም

ካርቱም ውስጥ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃም አይጠጣም። በቀን ከባድ ልምምድ ማድረግ በዚያ ሙቀት አደጋ ነው። የሚሆነው አንድም ከማፍጠሪያ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ቀለል አድርጎ መጋለብ፣ አንድም ማፍጠሪያን ካለፉ በኋላ በሌሊት ዋናውን ልምምድ መሥራት ነው። ቴምርና ውሃ፣ ከማሽላ የሚሠራው ሑሉ ሙርም፣ ለባዶ ጉበት ፈጥኖ የሚደርስ ስኳር ናቸው።

በኦርቶዶክስ ጾም ምግቡ ራሱ እንቅፋት አይደለም። እንጀራ፣ ጥራጥሬና አትክልት የካርቦሃይድሬት ድርሻን አያጎድሉም። የሚከብደው ሰዓቱ ነው፤ ጧት የጋለበ ሰው ለጡንቻው መሙያ እጅግ የሚጠቅመውን ከልምምድ በኋላ ያለውን አራት ሰዓት ሳይቀምስ ያሳልፋል። ለሚጾም ስፖርተኛ ልምምዱን ወደ ከሰዓት ማዞር ብዙ ነገር ይፈታል። በረጅሙ ጾም ቫይታሚን ቢ12ና ብረት መመርመር ደግሞ በተለይ ለሴት ጋላቢዎች የግድ ነው።

ማን ምን ይፈልጋል?

አምራቾች የሚሸጡት ምቾትና ትክክለኛ ልክ ነው፤ ይህ ዋጋ አለው፣ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የታወቀ ጄል 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል። በሰዓት 90 ግራም ለአምስት ሰዓት 450 ግራም ነው፤ አሥራ ስምንት ጄል። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን። ብር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በውጭ ምንዛሬ የሚገዛ ማንኛውም ነገር የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሆድ የሚሠለጥነው ደግሞ በየሳምንቱ በመደጋገም ነው፤ ጄሉ ለውድድር ቀን ብቻ ከተቆጠበ ያልለመደው ሆድ በዚያው ቀን ይክዳል።

ሁለተኛው ስጋት ከዶፒንግ ጋር ይያያዛል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኮሎኝ ላቦራቶሪ ከተመረመሩ 634 ተጨማሪ ምግቦች ውስጥ 14.8 በመቶዎቹ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ነክ ንጥረ ነገር ይዘው ተገኝተዋል። በየጂሙ የሚሸጥ ዱቄት ያለ ማረጋገጫ የሚወስድ ጋላቢ ሙያውን አስይዞ ይጫወታል። ስኳር፣ ጨውና ሎሚ እንዲህ ያለ ጣጣ የላቸውም።

አሠልጣኞችና ፌዴሬሽኖች የሚፈልጉት ውጤት ነው፤ የሚይዙት ገንዘብ ግን ጥቂት ነው። የብስክሌት ስፖርት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ገረመው ደንቦባ 24ኛ፣ ቡድኑም 9ኛ ወጥቶ ነበር። ስልሳ ዓመት ቆይቶ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በእነዚህ መካከል ያለው ረጅም ክፍተት በእግር ጥንካሬ እጦት የመጣ አይደለም። ጋላቢዎቹ የዓለም ውድድር ልምድ፣ የሕክምናና የምግብ ክትትል ያለበት ቤት አልነበራቸውም።

ሌላም ስጋት አለ፤ ቀጭንነት። ዳገት ለመውጣት ክብደት መቀነስ ይረዳል የሚለው ሐሳብ ከልክ ሲያልፍ አጥንትን፣ ሆርሞንንና የሴቶችን የወር አበባ ዑደት ያውካል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይህን የኃይል እጥረት ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ ይዞታል። አዲሱ የመብላት ዘመን ያመጣው ትልቁ በጎ ነገር በእኔ አስተያየት ሰከንዶቹን መቀነሱ ሳይሆን፣ መብላት ድክመት አለመሆኑን አሠልጣኞች እንዲቀበሉ ማስገደዱ ነው።

ወዴት ያመራል?

በቅርቡ የሚሆነው ግልጽ ይመስለኛል። ጥቂት የብሔራዊ ቡድን አባላት ለትልልቅ ውድድሮች ከውጭ የገባ ጄል ያገኛሉ፣ የቀረው ወጣት በአንድ ኮዳ ውሃ መጋለቡን ይቀጥላል። ያ ከሆነ ችሎታ ያላቸው መውጣታቸው አይቀርም። ብስክሌተኛዋ እየሩ ገብሩ በስዊዘርላንድ ኤግል ባለው የዓለም ብስክሌት ማዕከል በኩል አልፋ፣ ፈረንሳይ ተሰድዳ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ በስደተኞች ቡድን ስም ተወዳድራለች። ለእሷ በር የተከፈተላት እዚያ ነው፤ እዚህ ያሉት አብሮ አደጎቿ ግን ያንን ክትትል አያገኙም።

ሁለተኛው መንገድ በአገር ውስጥ ማምረት ነው። ስኳርና ጨው በልኩ የተመጠነበት ከረጢት ማሸግ ከባድ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ ኦ.አር.ኤስ የሚያሽግ ፋብሪካ ያንኑ በሌላ ልክ መሥራት ይችላል። እንቅፋቱ ገበያው ነው። ብስክሌተኛው ብቻውን ገዢ አይበቃም፤ ሯጮችና እግር ኳስ ተጫዋቾች ካልገቡበት አያዋጣም። የሚቻል ቢሆንም ዓመታት ይወስዳል።

ሦስተኛውና ብዙ ወጪ የማይጠይቀው፣ ነገር ግን ብዙም የማይወራለት፣ እውቀቱንና ውሃውን ማድረስ ነው። በክለብ ደረጃ አንድ ሚዛን፣ አንድ የኩሽና መለኪያ፣ የሚታከም ውሃ፣ በልምምድ ቀን የሚከተል ሞተር ብስክሌት ወይም መኪና። ወጣቱ በሰዓት ከ40 ግራም ጀምሮ በየሳምንቱ አሥር አሥር ግራም እየጨመረ በአምስተኛው ሳምንት 80 ይደርሳል፤ ሆዱን ካመመው አንድ ደረጃ ይመለሳል። ቆላ ወርዶ የሚወዳደር ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ በሙቀት ይለማመዳል፤ ለዚያ የአካባቢው ሰላም ያስፈልጋል፣ ዛሬ የጎደለውም ያ ነው። ካፌይን፣ ኬቶን፣ ቤካርቦኔት የሚባሉት ተጨማሪዎች ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከእነሱ መካከል ለረጅም ግልቢያ ማስረጃው የበረታው ለካፌይን ነው፤ እሱም በቡናችን ውስጥ በእጃችን ነው።

የካርቱም መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ጋላቢዎች የሚጠይቁት ገዳሪፍ ላይ ንጹሕ ውሃ የት እንደሚገኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን በአዲስ አበባና በመቐለ በሚደረጉ የክለብ ውድድሮች ላይ የውሃና የምግብ ማቀበያ ቦታ በሕግ ተለይቶ፣ ተቀባዩና አቀባዩ ተለማምደውበት ቢታይ፣ ነገሩ በቁም ነገር መያዙን የሚያሳየው የመጀመሪያው ምልክት እሱ ይሆናል።